የጠጂቱ በርጩማ አራተኛ እግር

እሺ፣ እሺ፣ ጭብጨባው ይቆይ። ገና ምንም አልተናገርኩም። ለነገሩ ይሄ ጭብጨባ ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ ስናገር ሰው ሰዓቱን ያያል፤ ኦቦ ዳባሶ ግን ገና ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ ይጨበጨብላቸዋል። ይኸው፣ ሳልጀምር ተናደድኩ።

ከያቤሎና ከፊልቱ ቅርንጫፍ ለመጣችሁ እንግዶች ራሴን ላስተዋውቅ። ሸዋንግዛው እባላለሁ። የዚህ የነገሌ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነኝ። "ዋና" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ፎዚያ ባለፈው ሳምንት ጠርተው "የጡረታ ሽኝቱን ንግግር አንተ አድርግ፤ ኦቦ ዳባሶን እንዳንተ የሚወዳቸው የለም" አሉኝ። ሳቄ መጣ። ወይዘሮ ፎዚያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሳስተዋል። እኔ እኚህን ሰውዬ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስቀናባቸው ነው የኖርኩት። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

መጀመሪያ የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። በ1989 ዓ.ም. ነው። እኔ እዚህ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከሻሸመኔ ዲፕሎማዬን ይዤ የመጣሁ፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ወጣት ነበርኩ። ከያቤሎ አንድ አዲስ መካኒክ ይመጣል ተብለናል። ጠዋት የግቢው በር ሲከፈት አንድ ረጅም ሰው ከአሥራ አራት ፍየሎች ጋር ገባ። እኔም ቆጣ ብዬ "ስማ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ነው፣ ፍየሎችህን አስወጣ!" አልኩት። ሰውየው "እሺ" አለና ፍየሎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ነዳቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰና ከዘበኛው ጀምሮ ሰላምታ እየሰጠ፣ እየሰጠ፣ እየሰጠ እኔ ጋ ሲደርስ ከደረት ኪሱ የቅጥር ደብዳቤ አወጣ፤ ኦቦ ዳባሶ ናቸው።

የያኔው ኃላፊ "ለምን አረፈድክ?" ሲላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አለቃዬ ፍየል እንዳስወጣ አዘውኝ ነበር።" ፍየሎቹ የእሳቸው አይደሉም! በሩ ሲከፈት ከኋላቸው ተከትለው የገቡ የሰፈር ፍየሎች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አሉኝ፣ ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ፣ ሳቁ ሁሉ ደግሞ እሳቸውን የወደደ ሳቅ ነበር። ቅናቴ የጀመረው ከዚያች ጠዋት ነው።

አሁን ስለ ሰላምታቸው ልናገር። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኦቦ ዳባሶ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ መፍቻ አይጨብጡም። ሾፌር መኪና ይዞ ሲመጣ እኔ ወዲያው ካርቶን አንጥፌ ከሥር እገባለሁ። እሳቸው ግን የሾፌሩን እጅ ይዘው በኦሮምኛቸው "እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው ወይ" እያሉ ይቆማሉ። "አካም ቡልተ? ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? በእናንተ በኩል ዝናቡ ናጋ?" ሾፌሩ "ናጋ፣ ናጋ፣ ናጋ" ይላል። አለቀ ስትሉ "መንገዱስ ናጋ?" ይመጣል። አንድ ጊዜ ከመኪና ሥር ተኝቼ በሰዓቴ ለክቻቸዋለሁ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ!

ተውፊቅ፣ እዚያ ጋ ተደብቀህ አትሳቅ፣ ያንተኑ ልናገር ነው። ይሄ ተውፊቅ የሚባለው ሾፌራችን አንድ ቀን "መኪናዬ ከኋላ ይንቃጨላል" ብሎ መጣ። እኔ ገባሁ። የጭስ ማውጫውን አወረድኩ። የኋላውን ሻፍት ፈታሁ። ሁለት ጎማ አወለቅኩ። ከላይ ሰላምታው ይሰማኛል።

"ናጋ? ትናንት የት ዋልክ?"

"የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ኦቦ።"

"እንኳን አደረሰህ! ሰርጉ ናጋ? ምን ምን አደረስክላቸው?"

"ወንበር፣ ድንኳን፣ ድስት…"

"ድስቱ ሁሉ በናጋ ተመለሰ?"

"ኧረ አንድ ክዳን ጠፍቶብን እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።"

ኦቦ ዳባሶ እጃቸውን ከትርፍ ጎማው በላይ ሰደዱና የድስት ክዳን ይዘው ወጡ። እኔ ከሥር፣ ፊቴ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ሻፍቱን ደረቴ ላይ ታቅፌ ተኝቻለሁ። ዝቅ ብለው አዩኝና "ሸዋንግዛው፣ ናጋ?" አሉኝ። ምን ናጋ አለ!

እንግዲህ ይሄ በጋራዡ ብቻ ቢቀር ምን አለ። ባለቤቴ መሲ የልብስ ስፌት መኪናዋ ሲበላሽባት ለማን የላከችው ይመስላችኋል? ባሏ መካኒክ ነው፣ ቤቷ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ዜና ያያል። እሷ መኪናዋን በባጃጅ ጭና ኦቦ ዳባሶ ቤት! ስጠይቃት "አንተ ትፈታዋለህ፣ እሳቸው ይሠሩታል" አለችኝ። መሲ፣ አላልሽም? ራሷን ነቀነቀች፣ አያችኋት? ወይዘሮ ጉያቱ፣ የእርስዎን ባል ስም ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምሰማ ቢያውቁ ያዝኑልኝ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. "በሥራ ሰዓት የሚደረግ ሰላምታ ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ" የሚል ማመልከቻ ማን እንደጻፈ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር። እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ወይዘሮ ፎዚያ አንብበው ሲስቁ በመስኮት አይቻቸዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ቀልድ ነው። አሁን የምለውን ግን ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እባካችሁ ታገሱኝ።

በ2001 ዓ.ም. ዊንች መጣልን። ለማያውቅ፣ ዊንች ማለት ላንድክሩዘሩ ጭቃ ሲውጠው የብረት ገመዱን ዛፍ ላይ አስሮ፣ ከፊቱ ባለው ከበሮ እየጠቀለለ ራሱን የሚያወጣበት መሣሪያ ነው። ቀድሞ የነበረን በባትሪ የሚሠራ ስለነበር የፊልቱ መንገድ ላይ ባትሪውን ጨርሶ ሰውም መኪናም እዚያው ያድሩ ነበር። አዲሱ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ ጉልበቱን የሚወስደው ከመሪው ፓምፕ ነው። በአንዱ ወፍራም ቱቦ ዘይቱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። ይኸው ነው።

የሚያዝያ ዝናብ ጀምሯል። የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ተጭኖ ሰኞ ወደ ፊልቱ መሄድ አለበት። ዓርብ ደግሞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ መጥቶ ዊንቹን ሊያይ ነው። እኔ ማኑዋሉን ብብቴ ሥር ይዤ "ይሄን የምገጥመው እኔ ነኝ" አልኩ። ኦቦ ዳባሶ "ላግዝህ?" ብለው መጡ። ምን እንዳልኳቸው አልረሳውም። "ኦቦ፣ ይሄ በማኑዋል የሚሠራ ነው፣ በሰላምታ የሚሠራ አይደለም" አልኳቸው። ሰው ሁሉ እየሰማ። እሳቸውም "እሺ" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ፤ ፍየሎቹን ባስወጡ ቀን ያሏትን ያችኑ "እሺ"።

ሦስት ቀን ሠራሁ። መቀመጫ ብረቱን በየድኩት፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ዘረጋሁ፣ ዘይት ሞላሁ። ገመዱን ባዶውን ስጠቀልለው ይዞራል፤ ቀስ ይላል እንጂ ይዞራል። ደስ አለኝ። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ የቆመው አሮጌ አይሱዙ ላይ አሰርኩትና ማንሻውን ጎተትኩ። አቃሰተ፣ ጮኸ፣ ቆመ። መሪውን ብይዘው እንደ ድንጋይ ከብዷል።

አየር ገብቶበት ይሆናል ብዬ አየሩን አስወጣሁ። እንደዚያው ነው። ዘይቱን ቀየርኩ፣ ፊልተሩን ቀየርኩ፣ ማጥበቂያዎቹን እንደገና አጠበቅኩ፣ ቫልቩን ፈትቼ አጥቤ ገጠምኩ። እንደዚያው። ሐሙስ ማታ ተስፋ ቆርጬ "ፓምፑ ደካማ ነው፣ ሌላ ይታዘዝ" የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ሐሳብ አንዴም አልመጣልኝም።

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ዳባሶ እንደ ልማዳቸው ከዘበኛው ጀምረው እየዞሩ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጠጂቱ ጋ ደረሱ። ጠጂቱን ታውቋታላችሁ፣ ምንም ነገር አትጥልም። እኔ ዊንቹ ላይ ተደፍቼ እሰማቸዋለሁ።

"ጠጂቱ፣ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ወገብሽስ?"

"ወገቤማ በዚህ በርጩማ እንዴት ናጋ ይሆናል!"

"በርጩማሽን ምን አገኘው?"

"እግሮቹ ባዶ የብረት ቱቦ ናቸው፣ ሲሚንቶውን ይቧጥጡታል። ሸዋንግዛው ከአዲሱ ዕቃ ላይ ነቅሎ የጣለውን ቀይ ውታፍ አንስቼ ወተፍኳቸው። ሦስቱ ተስተካከሉ፣ አራተኛው አጣ። ይኸው ወረቀት አጣጥፌ ጎስጉሼበት እንኳ ይወዛወዛል።"

ኦቦ ዳባሶ በርጩማውን ገልብጠው አዩት። ሰላምታቸውን ግን አላቋረጡም፣ ጽዳት ሠራተኛዋንም፣ ሾፌሮቹንም ጨረሱ። ሰዉ ለምሳ እስኪወጣ ጠበቁ። ሁለታችን ብቻ ስንቀር አጠገቤ ቁጢጥ አሉና፣

"ሸዋንግዛው፣ ሁለት ቱቦ ስንት አፍ አለው?" አሉኝ።

"አራት" አልኩ ቆጣ ብዬ።

"ጠጂቱ ያገኘችው ሦስት ውታፍ ነው።"

አዲስ ቱቦ ሲመጣ አቧራ እንዳይገባበት በየአፉ ቀይ የፕላስቲክ ውታፍ ይደረግበታል። ሦስቱን ነቅዬ ጥያለሁ። የመመለሻውን ቱቦ ፈታሁ። አራተኛው ውታፍ ስገጥመው ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ ጠርዙ ተሰንጥቆ፣ ዘይቱን በጭላንጭል ብቻ እያሳለፈ ተቀምጧል። ዘይቱ ካልተመለሰ ዊንቹ በምን ይጎትት? በማኑዋሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "ውታፎቹን ሁሉ አውጣ" ይላል። የመጀመሪያውን ገጽ የዘለልኩት የማውቀው መስሎኝ ነው።

ኦቦ ዳባሶ ውታፉን በጨርቅ ጠርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ለጠጂቱ ስጣት፣ በርጩማዋ ይወዛወዛል" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ስለ ማኑዋልም፣ ስለ ሰላምታም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው መጣ። ዊንቹ ያንን አይሱዙ እንደ ፍየል ጎተተው። ሰው አጨበጨበ። "ችግሩ ምን ነበር?" ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት ኦቦ ዳባሶ "ሸዋንግዛው የመመለሻውን ቱቦ ፈትቶ ከፈተው" አሉ። ውሸት አይደለም፤ የፈታሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ወር የምስጋና ደብዳቤ መጣልኝ። "ዋና መካኒክ" ተባልኩ። መስኮት ያለው ቢሮ ተሰጠኝ። ደብዳቤውን በመስታወት አሠርቼ ሰቀልኩት።

ውታፉን ለጠጂቱ ሰጠኋት? አልሰጠኋትም። ብሰጣት "የት አገኘኸው?" ትለኛለች። ጠጂቱ ደግሞ መልስ ሳታገኝ የምትተው ሰው አይደለችም። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦቦ ዳባሶ የጠዋት ሰላምታቸው ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። "ጠጂቱ፣ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? በርጩማሽስ ናጋ?" እሷም "ኧረ ይወዛወዛል፣ ኦቦ!" ትላለች። በየቀኑ። አሥራ አምስት ዓመት። እናንተ ቀልድ መስሏችሁ ስትስቁ እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ያልበኛል። መጀመሪያ እያስፈራሩኝ ነው ብዬ ጠላኋቸው። ያን ማመልከቻ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ በርጩማው ላይ ሳይደርሱ ያልቅ ነበር!

ቆይቼ ነው የገባኝ። ሊያጋልጡኝ ቢፈልጉ አንድ ቀን ይበቃቸው ነበር። እሳቸው በየጠዋቱ የሚጠይቁት እኔን ነበር። በሩን ክፍት አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። ይሄ ሲገባኝ ደግሞ ባሰብኝ። እጃቸው ላይ መቅናት አንድ ነገር ነው፣ በሥራ እበልጣቸዋለሁ ብሎ መሞከር ይቻላል። ልባቸው ላይ ስትቀና ምን ትፈታለህ? ምን ትገጥማለህ?

ታዲያ ለምን ዛሬ? ወይዘሮ ፎዚያ ባለፈው ሳምንት ማስታወቂያ ለጠፉ። "ዊንቹን የጠገነው አቶ ሸዋንግዛው ከያቤሎና ከፊልቱ ለሚመጡ መካኒኮች ሥልጠና ይሰጣል" ይላል። ኦቦ ዳባሶ ሰሌዳው ፊት ቆመው አነበቡትና ትከሻዬን መታ አድርገው "ጎበዝ፣ በደንብ አስተምራቸው" አሉኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ወይዘሮ ፎዚያ፣ ደብዳቤው ይኸው፣ ከነመስታወቱ አውርጄዋለሁ። "ዋና" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ብያችሁ ነበር፤ ስመልሳት ይኸው። ማዕረጉንም ቢሮውንም እንደፈለጉ ያድርጉት፣ አልከራከርም። ሥልጠናውን ከተዋችሁልኝ ግን እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት የሾፌሩን እጅ ያዙ፣ ልጆቹን ጠይቁ፣ መንገዱን ጠይቁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። እኔ ራሴ ሰዓት እይዛለሁ፣ ከዚያ ያነሰ አልቀበልም።

ኦቦ ዳባሶ፣ በማኑዋሉ ኮርቼ የሰደብኩዎትን ይቅር ይበሉኝ። ዝም ብዬ የኖርኩትን ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቴን ሸፍነው ልጆቼን ያሳደግኩበትን እንጀራ አቆዩልኝ፤ አንድም ቀን ውለታ አልቆጠሩብኝም። አመሰግንዎታለሁ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፣ ልዋሽዎት አልችልም። ይኸው ጡረታዎም ያስቀናኛል። ነገ ጠዋት እርስዎ ከወይዘሮ ጉያቱ ጋር ከብትዎን ሲጎበኙ፣ እኔ ያንን አይሱዙ እያየሁ ነው የምውለው። ማንም እጄን ይዞ "ናጋ?" ሳይለኝ።

እስቲ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሱ። ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን፣ የግመል ወተት የያዘ ወተቱን። ግን እንዳትጠጡ፣ አንድ ሥራ ቀርቶኛል። ጠጂቱ፣ ተነሺ እስቲ። በርጩማሽን ይዘሽ እንደመጣሽ አይቻለሁ፣ ከእሱ ሌላ ላይ እንደማትቀመጪ አውቃለሁ። ገልብጪልኝ። ያን ወረቀት አውጪው። ይኸው ውታፉ። ጠርዙ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ግን ይይዛል። እንዲህ… በመዳፍ መታ… ገባ። የት አገኘኸው አትበይኝ፣ አሁን ሰምተሻል። አሥራ አምስት ዓመት ወገብሽን ስላሳመምኩሽ አንቺም ይቅር በይኝ። በይ ተቀመጪ።

ኦቦ ዳባሶ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት። ዝናቡ በጊዜው ይዝነብልዎት፣ ከብትዎ ይርባ፣ ደጅዎ ሰላምታ አይጣ። እግርዎ ይሄን ጋራዥ እንዳይረሳው፤ እኔም ካርቶን ሳላነጥፍ እጅዎን ይዤ ልቀበልዎት። አሁን ግን ከመጠጣታችን በፊት፣ እባክዎ፣ የጠዋቱን ይጠይቁልን።

…ሰማችሁ? ኧረ ድምፃቸው ዝቅ አለ፣ ላስተላልፍላቸው። "ጠጂቱ፣ በርጩማሽስ ናጋ?" ብለዋል።

ጠጂቱ፣ መልሽላቸው እንጂ! አታልቅሺ፣ መልሽላቸው።

"ናጋ" አለች! ሰማችሁ፣ "ናጋ" አለች! በሉ ጠጡ።